ሥራ ላይ ሆኖ ኤምቢኤ መማር፦ ክፍሉ ደስ ይላል፣ ቴሲሱ ያንገሸግሻል

"የማታ ኤምቢኤ ልጀምር ነው፣ አንቺ የተማርሽበት እንዴት ነው?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ቮይስ ከምልክ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አጭሩ መልስ ይኸው። የኤምቢኤውን (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሱን) ኮርሶች ወድጃቸዋለሁ፤ ያወጣሁት ብር አይቆጨኝም። ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ስትደርሱ ግን ትምህርት ቤቱ እጁን ታጥቦ ይተዋችኋል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ መጨረሻው እንጂ ስለ መጀመሪያው አይደለም። ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ይበቃል። ሌላ ቦታ የተማሩ ጓደኞቼ የሚያወሩትም ከእኔ ብዙ አይርቅም።

ከየት እንደመጣሁ ካላወቃችሁ ግምገማዬም አይገባችሁም። ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ ግዢና አቅርቦት ክፍል ነው። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ስብሰባ ላይ ፋይናንሶቹ "ወርኪንግ ካፒታላችን ታስሯል" (ማንቀሳቀሻ ገንዘባችን ተይዟል) ሲሉ ግን ቋንቋው የእነሱ ብቻ ነበር። 2016 ጥቅምት ላይ የተመዘገብኩት እሱን ቋንቋ ፍለጋ ነው። ለደሞዝ ጭማሪ ብዬም ነው፣ አልዋሽም።

ስለ መግቢያው ብዙ አልልም። ጋት አለ፤ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና። ከእሱ የሚብሰው ወረቀቱ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ፣ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ሳትዘጉ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አይላክላችሁም። ክፍለ ሀገር የተማረ ሰው ደግሞ ለዚህ ብሎ መንገድ ሊወጣ ነው። ምዝገባ እስኪከፈት አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ጀምሩት።

ክፍያው በክሬዲት አወር ነው። የምዝገባ ለብቻ፣ የቴሲስ ለብቻ። ቁጥሩን አልጽፍም፤ በየጊዜው ስለሚጨምሩት የእኔ ዋጋ ነገ ያሳስታችኋል። ግን ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ። "እስክመረቅ ድረስ በጠቅላላ ስንት?" ብላችሁ ጠይቁና በወረቀት ላይ አስጽፉ።

ሁለት ምርጫ አለ፣ የማታና የዊኬንድ። የማታው በሥራ ቀናት ከ11፡30 እስከ 2፡30 ነው። የዊኬንዱ ቅዳሜን ሙሉውን፣ እሑድን ግማሹን ይወስዳል። እኔ ማታውን መረጥኩ። ልጄን ቅዳሜና እሑድ ካላየኋት መቼ ላያት ነው? ቀን ቀን እናቴ ትይዝልኛለች፣ ማታ ባለቤቴ ይቀበላታል። ይሄን የሚያደርግላችሁ ሰው ከሌለ ማታው ከባድ ነው፣ በግልጽ ልንገራችሁ። ከሥራ 11 ሰዓት ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ አለ። ሰልፉ ካልተነቃነቀ ባቡር ጣቢያ መሮጥ አለ። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ሁሉ በቆፈረበት ሰሞን የመጨረሻውን ሁለት ፌርማታ በእግሬ ነበር የምጨርሰው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ሸራ ጫማ ነበረኝ።

ደግነቱ 11፡30 የተባለው ክፍል 12 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀምረው። መምህሩም ከሌላ ሥራ ነው የሚመጣው፤ እሱም ታክሲ ይጠብቃል። በዚህ ማንም አይቀየምም። የሚያናድደው ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀርና ለተጠሪያችን በቴሌግራም "ዛሬ አልተመቸኝም" ብሎ የሚጽፈው ነው፤ ያውም ሁላችንም ወንበር ላይ ከተቀመጥን በኋላ።

የመጀመሪያው ሰዓት በእንግሊዝኛ ነው። ከሻይ ዕረፍት በኋላ አማርኛው ይገባል። ሁሉም ደክሞታል፣ መምህሩም ጭምር። እኔ ደግሞ የገባኝ ነገር ሁሉ የገባኝ ከሻይ በኋላ ነው። አንዴ መምህሩ ኔት ፕሬዘንት ቫልዩን፣ ወደፊት የሚገባ ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳየውን ስሌት፣ ለአንድ ሰዓት ሰሌዳ ላይ ሲያሰላልን ቆይቶ ማርከሩን አስቀመጠ። "ዕቁብ የላችሁም?" አለን። "መጀመሪያ የወጣለት ሰው ፍሪጅ ይገዛል። መጨረሻ የሚደርሰው በዚያው ብር ያንኑ ፍሪጅ ይገዛል? አይገዛም። እንግዲህ ልዩነቱን አስሉልኝ።" ከኋላ አንዱ "ዶክተር፣ እኔ ሁሌ መጨረሻ ነው የሚደርሰኝ" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፈተናው ላይ እሱን ጥያቄ የሳተ ሰው አልሰማሁም።

በ2016 ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ቀን ነበር የገቡት፣ መጋቢት 2። ይሄን የማነሳው ክፍሉ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው። መግሪብ የሚደርሰው ትምህርት ላይ እያለን ነው። የማኔጀሪያል ኢኮኖሚክስ መምህራችን ሰዓቱን አይቶ ራሱ ያቆም ነበር፤ ማንም እጁን አውጥቶ አስፈቅዶ አያውቅም። ከኋላ ወንበር የተምር ዕቃ ይነሳና እየተቀባበለ ፊት ድረስ ይመጣል። ሙስሊም ያልሆነውም ያነሳል፤ ተምር የጾም ነው። ካፌው ማኪያቶ መሸጡን ትቶ ሻይና የምስር ሳምቡሳ ብቻ ነበረው። ሲመሽ ሳምቡሳው ያልቅና ሻይ ብቻ ይቀራል። ሁለታችንም ወገን እየራበን ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ተማርን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አብረውኝ ወደ ተማሩት ሰዎች። ግማሹ ክፍል ባንከር ነው። ባንኮች ለሠራተኛቸው ይከፍሉለትና የአገልግሎት ግዴታ ያስፈርሙታል። ቀሪዎቻችን ከኪሳችን ነን፤ የኤንጂኦ ሰዎች፣ መሐንዲሶች፣ አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ። ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ጡረታቸው ሩቅ አልነበረም። ለምን እንደሚማሩ ስንጠይቃቸው "አለቃዬ ከልጄ እኩያ ነው፤ የሚያወራው እንዳያመልጠኝ" ይላሉ። ከስላይዱ ይልቅ ከእሳቸው ብዙ ተምሬያለሁ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ እኛ ስንጀምር ወሬው ገና ትኩስ ነው። በነጋዴ ወገን ያለነው የምናውቀው "ብድር የለም" መባሉን ብቻ ነው። ጋሼ ያሳዩን ሌላኛውን ወገን ነው። ለዓመታት የሚያውቁት፣ ንጹሕ ደንበኛ ፎቅ ያለበት ካርታ ይዞ ይመጣል። ዋስትናው ይበቃል፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። ኮታው ግን አልቋል። "ቡና ጋብዤ ሸኘሁት፤ ቡናውን የከፈለው ራሱ ነው" አሉን።

ሌላዋ ባንክ ውስጥ ትሬድ ሰርቪስ፣ የገቢና ወጪ ንግድ ክፍያ ክፍል፣ የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ማታ መምህሩ ቀረ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ዝናብ ነበር። እኔ ስለ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ አቅራቢ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ወረፋ አማረርኩ። መድኃኒት ያኔ የውጭ ምንዛሪ ሲደለደል ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች አንዱ ነበር፤ ያም ሆኖ ወራት እንጠብቅ ነበር። ልጅቷ ተነሳችና ማርከር አንስታ፣ ፋይላችን በእነሱ ቢሮ ውስጥ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሣለችው። ማን ያየዋል፣ የት ይቆማል፣ በምን ይመለሳል። ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ በጣም ቀላል ነው፦ ወረፋው እስኪደርስ የፕሮፎርማው (አቅራቢው የሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ) ቀን ያልፍበታል። አዲስ ፕሮፎርማ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይሄዳል። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የኛን ፋይሎች አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አቅራቢዎቻችን ፕሮፎርማው ላይ ረዘም ያለ የአገልግሎት ቀን እንዲጽፉልን እንጠይቃለን። ይሄ ትምህርት በየትኛውም ኮርስ ውስጥ የለም። ክፍያዬን ግን ግማሹን እሱ መልሶልኛል ብዬ አምናለሁ።

ከመምህራኑ ደግሞ አንዱን ሳላመሰግን አላልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፋይናንሺያል ማኔጅመንት ላይ ነበርን። መምህሩ ገባ፣ ፕሮጀክተሩን አጠፋው። "ዛሬ ቻፕተር የለም። እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ መሥሪያ ቤትህ ዛሬ ምን ሆነ?" አለ። እኔ ተራዬ ሲደርስ የኛን ነገርኩት። መጋዘን ውስጥ በ57 ብር ሒሳብ ዋጋ የወጣለት መድኃኒት አለን። ሸጠን የምናገኘው ብር የሚቀጥለውን ጭነት ግማሹን ያህል ነው የሚያስመጣልን። ወረቀት ላይ ግን አትርፈናል። ከአቅራቢ በዱቤ የወሰድነው ደግሞ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ ዕዳው በብር ሲታይ በአንድ ሰሞን እጥፍ ሊሆን ነው። እሱም ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ በቀጥታ የኛን ቁጥር። የሆቴሉ ሰውዬ ተቃራኒው ነበር፣ ገቢው ከፊሉ በዶላር ነው፣ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነው። ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ እስከ 3 ሰዓት አስተማረን። ጥበቃው መብራት ሊያጠፋ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሰማ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ኦፕሬሽንስ ላይ ኢኦኪውን ተማርን። በ1913 እ.ኤ.አ. ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣት ቀመር ናት። የዓመት ፍላጎትህን፣ የማዘዣ ወጪህንና የማከማቻ ወጪህን ስጣት፤ በአንዴ ምን ያህል ብታዝ እንደሚያዋጣህ ትነግርሃለች። ቆንጆ ነው። እጄን አወጣሁና "እኛ የምናዘው ምንዛሪ ሲፈቀድ ነው፣ የተፈቀደውን ያህል። ይሄን እንዴት ነው የማስገባው?" አልኩ። መምህሩ "ለፈተናው እንደዚህ ሥሪው" አለኝና ወደሚቀጥለው ስላይድ ሄደ። ስላይዱ ግርጌ ላይ የሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ስም እንዳለ ነው፤ ለማጥፋት እንኳ አልተቸገረም። ጥር 2017 ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ለፋይናንስ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? እኛ በዚያው ሰሞን ስለ አክሲዮን ስጋት የተማርነው ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ኩባንያዎች ነው። ክፍሉ ውስጥ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ሞልቶ ነበር።

ግሩፕ አሳይንመንት እንደምታውቁት ነው። አምስት ሰው ይመደባል፣ ሁለት ሰው ይሠራል፣ አንዱ ያሳትማል። የተቀሩት ማታ 4 ሰዓት ላይ "ስሜን እንዳትረሱ" ብለው ይጽፋሉ። ሬጅስትራር ቢሮውም የሚከፈተው እኛ ሥራ ላይ ባለንበት ሰዓት ነው። ለሠራተኛ የተዘጋጀ ፕሮግራም ብለው ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ አንዲት ማኅተም ለማስመታት ግን ከሠራተኛው ፈቃድ መውሰድ አለባችሁ። ይሄን እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

እንግዲህ ቴሲሱ።

ኮርስ ሲያልቅ ክፍሉ ይበተናል። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሚቀረው የበዓል መልካም ምኞትና "ቤተሰብ፣ ሊንኳን ሙሉልኝ" የሚል መጠይቅ ነው። ሁሉም ርዕስ አንድ ነው ማለት ይቻላል። "የዚህ ነገር ተጽዕኖ በዚያ ነገር ላይ፣ የእገሌ ባንክ ጉዳይ።" የሠራተኛ እርካታ፣ የደንበኛ እርካታ፣ የአመራር ስልት፤ ባንኩን ብቻ መቀየር ነው። የናሙናው ቁጥር በያማኔ ቀመር ይሰላል። 400 ሠራተኛ ካለና 5 በመቶ ስህተት ከተፈቀደ፣ 200 መጠይቅ። ከዚያ "በጣም እስማማለሁ" ከሚለው እስከ "በጣም አልስማማም" ድረስ አምስት ሳጥን። ከዚያ ኤስፒኤስኤስ፣ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ። የመጠይቁን ጥያቄዎች ወጥነት የሚለካው የክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ ከሆነ እፎይ ይባላል። የትሬድ ሰርቪሷ ልጅ ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ የተከመረውን የመጠይቅ ክምር ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። "ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱን ሞላሁ፣ ሁሉንም 'እስማማለሁ' ነው ያልኩት" ብላኛለች። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ትንታኔው የሚሠራው።

እኔ ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር። የግል መድኃኒት አስመጪዎች መጋዘን ውስጥ ቀኑ የሚያልፍበት መድኃኒት። ምን ዓይነቱ ነው የሚበላሸው፣ ለምን፣ ምንዛሪ ዘግይቶ ሲመጣ አብዝቶ ከማዘዝ ጋር ይያያዛል ወይ? መረጃው አለኝ፤ አለቃዬ የድርጅቱን ስም ሳልጠቅስ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል። አማካሪዬ ፕሮፖዛሉን ቢሮው ውስጥ ቆሞ አገላበጠው።

"ኢንዲፔንደንት ቫሪያብልሽ የታል?"

ተጽዕኖ የሚያደርገው ነገር የታል ማለቱ ነው። አስረዳሁት።

"ይሄ ሪፖርት ነው እንጂ ቴሲስ አይደለም። መጠይቅ አዘጋጂ። የአቅርቦት ሰንሰለት አሠራር በድርጅት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ በይው። ቶሎ ትጨርሻለሽ።"

ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ ሰውዬው ሊገላግለኝ ፈልጎ ነው። ስንት ተማሪ እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ከተሰለፈው ሰው ታውቁታላችሁ። ርዕሱን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ የላክሁለት ኢሜይል መልስ ሳያገኝ ወራት ይቆያል። ስደውል "ሜል አድርጊልኝ" ይላል። በዚህ መሃል ቴርሙ አለፈና የማራዘሚያ ክፍያ መጣብኝ። የዘገየው እሱ፣ የከፈልኩት እኔ። ቅሬታ ጽፌ አስገብቻለሁ። ተቀብለው ማኅተም መትተው ቅጂውን ሰጡኝ፣ በቃ፣ መልስ የለም።

ከግቢው በር ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ ደግሞ ከላይ እስከ ታች "ፕሮፖዛልና ቴሲስ እናማክራለን" በሚል ወረቀት ተለብጧል፣ ከነስልክ ቁጥሩ። "እናማክራለን" ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ጽሑፉን በኮምፒውተር ፈትሾ ኮፒ ነው አይደለም ይላል እንጂ፣ በሰው እጅ ተጽፎ የተሸጠውን በምን ይይዘዋል? አማካሪ የማያገኝ ሠራተኛ ምሰሶው ጋ ቢሄድ አልፈርድበትም፤ ትምህርት ቤቱ ላይ ግን እፈርዳለሁ።

ዲፌንሱ፣ ቴሲሱን ገምጋሚ ፊት ቆሞ ማስረዳቱ፣ አጭር ነበር። ገምጋሚው የመጀመሪያ ጥያቄው የሠንጠረዥ ርዕስ ከላይ ነው የሚጻፈው ወይስ ከታች የሚል ነው። ሁለተኛው የገጽ ቁጥር። ስለ መድኃኒት የጠየቀኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም "ራስ ምታት አለብኝ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?" ብሎ። ሁላችንም ሳቅን። አለፍኩ።

ስለዚህ ልትመዘገቡ የሄዳችሁ ቀን፣ ጋውን ለብሰው ፎቶ የተነሱትን አትጠይቁ፤ እነሱ ረስተውታል። አሁን ቴሲስ ላይ ያለ ተማሪ ፈልጉ። አማካሪ የሚመደበው መቼ ነው? አንዱ ስንት ይይዛል? እሱ ቢዘገይ ማራዘሚያው የማን ነው? ከቴሲስ ይልቅ መሥሪያ ቤታችሁ ያለበትን ችግር በፕሮጀክት የሚያሠራ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ፣ ትንሽ ቢርቅም፣ ትንሽ ቢወደድም እዚያ ሂዱ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ ልጆች ደግሞ ቆዩ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ነበሩ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ውጤታቸው ከሁላችንም ይበልጣል። ግን "መሥሪያ ቤትህ ምን ሆነ?" ሲባሉ የሚያወጡት ነገር አልነበራቸውም። ጥቂት ዓመት ሥሩና በራሳችሁ ጣጣ ተሞልታችሁ ኑ።

እኔ አሁን ስብሰባ ላይ ዝም አልልም። ያን ሰሞን "ወርኪንግ ካፒታል ታስሯል" ሲባል "የትኛው ዕቃ ላይ?" ብዬ ጠየቅኩ፣ ፋይናንሱ ላፕቶፑን ከፈተ። ቴምፖዬ (ጊዜያዊ ዲግሪዬ) ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፤ ኦሪጅናሉን ገና አልወሰድኩም፣ ሬጅስትራር በሥራ ሰዓት ነው የሚከፈተው። ደሞዙን በተመለከተ አለቃዬ "የበጀት ዓመቱ ይዘጋና እናያለን" ብሎኛል።